ቬክተርን በግራፍ ወረቀት ላይ እንዴት መደመርና መቀነስ ይቻላል?

ግራፍ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስና ማስመሪያ ያዙ። ግራፍ ወረቀት ከሌለ ካሬ ያለው የሒሳብ ደብተርም ይበቃል። አንድ አግድም መስመር (ኤክስ) እና አንድ ቁም መስመር (ዋይ) አስምሩ። የሚገናኙበት ነጥብ ዜሮ ነው።

ቬክተር መጠንም አቅጣጫም ስላለው በቀስት እንስለዋለን። (4፣ 1) ማለት አራት ካሬ ወደ ቀኝ፣ አንድ ካሬ ወደ ላይ ማለት ነው። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ከሆነ ወደ ግራ ወይም ወደ ታች ትሄዳላችሁ። ቀስቱ ከየትም ይነሳ ከየት ርዝመቱና አቅጣጫው እስካልተነካ ድረስ ያው ቬክተር ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ሥራው ሁሉ በእሷ ላይ የቆመ ነው።

መደመር

ሀ = (4፣ 1)፣ ለ = (2፣ 3) ይሁኑ። መጀመሪያ ሀን ከዜሮ ተነስታችሁ ሳሉት፤ ጫፉ (4፣ 1) ላይ ያርፋል። ለን ግን ከዜሮ አትጀምሩት። ከሀ ጫፍ ተነሱና 2 ወደ ቀኝ፣ 3 ወደ ላይ ቁጠሩ። (6፣ 4) ላይ ትደርሳላችሁ። አሁን ከዜሮ እስከዚያ ድረስ አንድ ቀስት ሳሉ። ድምሩ እሱ ነው። በቁጥር ብቻ ከሆነ ደግሞ 4 + 2 = 6፣ 1 + 3 = 4፤ አለቀ።

ርዝመቶቹን ግን እንዲሁ እንዳትደምሩ። ሀ ወደ 4.12፣ ለ ወደ 3.61 ካሬ ይረዝማሉ፤ ሲደመሩ 7.73 ይሆናሉ። የድምሩ ቀስት ግን በፓይታጎረስ ቀመር (የአግድሙና የቁሙ ካሬ ቁጥር እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ሲደመር፣ የድምሩ ስኩዌር ሩት፦ √(6² + 4²)) ሲሰላ 7.21 ገደማ ነው። ሁለቱ ቀስቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ካላመለከቱ በቀር እንዲህ ማጠሩ አይቀርም።

መቀነስ

ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ነው። ሀ − ለ ሲባል ለን ገልብጦ መደመር ነው። የተገለበጠው ለ (−2፣ −3) ነው። ከሀ ጫፍ ተነስታችሁ 2 ወደ ግራ፣ 3 ወደ ታች ውረዱ። (2፣ −2) ላይ ትደርሳላችሁ። ከዜሮ ወደዚያ የተሳለው ቀስት መልሱ ነው።

እኔ የምመርጠው ግን ሁለተኛውን መንገድ ነው። ሁለቱንም ቀስቶች ከዜሮ ሳሉ። ከዚያ ከለ ጫፍ ወደ ሀ ጫፍ አንድ ቀስት አስምሩ። ካሬዎቹን ብትቆጥሩ 2 ወደ ቀኝ፣ 2 ወደ ታች ነው፤ ያው (2፣ −2)። ከየት ወደየት እንደሚሳል ከጠፋባችሁ ሀ − ለን «ከለ ተነስቼ ሀ ጋ ለመድረስ ምን ያህል ልሂድ?» ብላችሁ አንብቡት። ቀስቱን ካዞራችሁት የምታገኙት ለ − ሀን፣ ማለትም (−2፣ 2)ን ነው።

ኔጌቲቭ ቁጥር ሲገባ ምልክቱን አትዝለሉ። (1፣ −4) − (−3፣ 2) ቢባል 1 − (−3) = 4፣ −4 − 2 = −6። መልሱ (4፣ −6) ነው። ልክ መሆኑን ለማየት የቀነሳችሁትን መልሳችሁ ደምሩበት፤ የመጀመሪያው ካልመጣ አንድ ቦታ ምልክት ስታችኋል።

ከክፍል ውጪስ?

ፓይለቶች ይህን ሒሳብ ከነፋስ ጋር ይሠሩታል። አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ምሥራቅ አድርጎ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ የደቡብ ነፋስም አለ እንበል። የደቡብ ነፋስ ከደቡብ የሚመጣ ስለሆነ ቀስቱ ወደ ሰሜን ነው፦ (0፣ 60)። ድምሩ (800፣ 60) ይሆናል። ፍጥነቱ ወደ 802 ቢጠጋ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን 60 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይገፋል። ቀጥታ ወደ ምሥራቅ ለመሄድ ከተፈለገው ጉዞ ነፋሱን መቀነስ ነው፦ (800፣ 0) − (0፣ 60) = (800፣ −60)። አንዱን ካሬ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ካላችሁት ቀስቱ 8 ካሬ ወደ ቀኝ፣ ከግማሽ ካሬ ትንሽ በለጥ ያለ ወደ ታች ይሄዳል።