የጡት ወተት ማለቢያን በንጽሕና እንዴት መያዝ ይቻላል?

ሕፃን እስከ 6 ወሩ ድረስ ከእናቱ ጡት ወተት በቀር ሌላ ምግብ እንዳይሰጠው የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን ሠራተኛዋ ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ቀሪዎቹን ሦስት ወራት ብዙ እናቶች የሚሸፍኑት ወተታቸውን አልበው ለሞግዚት ወይም ለአያት ትተው በመሄድ ስለሆነ፣ ማለቢያው ፓምፕ በየቀኑ ከሕፃኑ አፍ ጋር የሚገናኝ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ዕቃውን ማፍላት ላይ ብቻ ያተኩራል፤ እኔ ግን ትልቁ ሥራ ያለው አጥቦ ማድረቁ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የወተት ቅባት የተጣበቀበትን ዕቃ ማፍላት ቆሻሻውን አብሮ ከመቀቀል ብዙም አያልፍም።

ከማለብዎ በፊት እጅዎን በሳሙናና በውሃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ፣ በጣቶች መካከልና ከጥፍር ሥር ጭምር ይታጠቡ። ከዚያም ማለቢያውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ቱቦ ወደ ብርሃን አንስተው ይመልከቱ፤ በውስጡ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ሻጋታ ካዩ ለማጠብ ሳይሞክሩ ጥለው በአዲስ ይተኩት።

አልበው ሲጨርሱ ወተቱን ከድነው ያስቀምጡና ዕቃው ሳይደርቅ ወዲያውኑ ይፍቱት። ጡት ላይ የሚያርፈው ጥሩምባ መሰል ክፍል፣ ማገናኛው፣ ጡጦውና ትንሿ የጎማ ቫልቭ ሁሉም ለየብቻ መሆን አለባቸው። ቫልቯ የተለየ ትኩረት ትፈልጋለች። ጫፏ ላይ እንደ ከንፈር የተገጠመ ቀጭን ስንጥቅ አላት፤ በጣት ለስለስ አድርገው ጫን ሲሏት ስንጥቁ ይከፈታል፣ በደንብ ካልታጠበችም ከውስጡ ነጣ ያለ የወተት ክር ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሳይታጠብ የሚቀረው ይህ ቦታ ነው። በብሩሽ ጠንከር አድርጎ መፈተግ ግን ጎማውን ይቀደዋል፤ የተቀደደች ቫልቭ ደግሞ ፓምፑን አቅም ታሳጣዋለች።

ክፍሎቹን በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ ፍል ውሃ ከቀደመ ወተቱ ረግቶ ዕቃው ላይ ይጣበቃል። ቀጥሎ ለዚህ ሥራ ብቻ በተለየ ትንሽ ሳፋ ውስጥ ሙቅ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና አድርገው፣ ሌላ ዕቃ በማይታጠብበት ብሩሽ ይጠቧቸው። ሳህን የሚታጠብበት ገንዳ፣ ሥጋና አትክልት የሚያልፍበትና ፍሳሹም ተህዋስያን የሚራቡበት ስለሆነ፣ የማለቢያው ክፍሎች በቀጥታ እዚያ መቀመጥ የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ ግዛት ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ክሮኖባክተር በተባለ ባክቴሪያ በጽኑ ታሞ ምክንያቱ ሲጣራ ባክቴሪያው ማለቢያው ላይ ተገኝቷል፤ ክፍሎቹ በሳሙና ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ተዘፍዝፈው ይቆዩ ነበር። ስለዚህ መዘፍዘፍ የማጠብን ቦታ እንደማይተካ ልብ ይበሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ቢሆን ከጄሪካን በንጹሕ ጆግ እየቀዱ ከላይ በማፍሰስ ማለቅለቅ ይቻላል። ሳፋውንና ብሩሹንም በየጥቂት ቀኑ ማጠብ አይርሱ።

የታጠበውን ዕቃ በቤት ፎጣ ማድረቅ ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ እጅና ሳህን የተጠረገበት ጨርቅ ያለውን ሁሉ መልሶ ዕቃው ላይ ያሳርፋል። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሶፍት አንጥፈው፣ አቧራና ዝንብ በማይደርስበት ቦታ ክፍሎቹን ደፍተው በአየር ይደርቁ ዘንድ ይተዉአቸው። እርጥበት ሳይለቀው ከረጢት ውስጥ የታሰረ ዕቃ ሻጋታ ያወጣልና ሙሉ በሙሉ መድረቁን ሳያረጋግጡ አይክደኑት።

ሕፃኑ 2 ወር ያልሞላው፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም በሕመም የደከመ ከሆነ፣ ከዚህ እጥበት በተጨማሪ በቀን አንድ ጊዜ ማፍላት ያስፈልጋል። አምራቹ እንዲፈሉ የፈቀዳቸውን ክፍሎች ውሃው ሙሉ በሙሉ እስኪውጣቸው ድረስ በድስት ጨምረው፣ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 5 ደቂቃ ይቁጠሩ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በዚህ የተነሳ እኔ እስከ 10 ደቂቃ ማድረስን እመርጣለሁ። ጎማና ፕላስቲክ የድስቱን ታች ሲነካ ይቀልጣልና አጠገቡ ሆነው ያማስሉት፤ ሲያወጡም በንጹሕ መቆንጠጫ ያንሱ።

ሞተሩ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ ውጩን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። ቱቦው ውስጥ ጤዛ መሰል ውሃ ብቻ ካዩ ማለቢያውን ከጡት አውርደው፣ ቱቦው እስኪደርቅ ለጥቂት ደቂቃ ባዶውን ያሠሩት።

በሥራ ቦታ ማጠቢያ የማይመች ከሆነ፣ የተጠቀሙበትን ዕቃ በንጹሕና በሚታሸግ ከረጢት አድርጎ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ የተህዋስያንን መራባት ለጥቂት ሰዓት ያዘገየዋል እንጂ አያጸዳውም፤ ቤት እንደደረሱ መታጠብ አለበት። መብራት ከጠፋና ፍሪጁ ከሞቀ ይህ ዘዴ ፈጽሞ አይሠራም።

ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ወይም እህት ተጠቅማበት ያስቀመጠችው ፓምፕ በየቤቱ ይገኛል። ለአንድ ሰው ተብለው ከተሠሩት መካከል ብዙዎቹ ወተትን ከሞተሩ የሚለይ መከላከያ የላቸውም፤ የወተት እርጥበት በቱቦው በኩል ወደ ሞተሩ ውስጥ ይዘልቃል፣ እዚያ ደግሞ ብሩሽም ፍል ውሃም አይደርስም። ቱቦውንና ጡጦውን በአዲስ መቀየር ይህን አይፈታውም። እንዲህ ያለውን ከመጠቀም በእጅ ማለብን እመርጥልዎታለሁ፤ ጤና ጣቢያ ያለች አዋላጅ ነርስ አያያዙን በአጭር ጊዜ ታሳይዎታለች፣ የሚታጠበውም እጅዎና አፈ ሰፊ ኩባያ ብቻ ይሆናል።