ያገለገለ ዊ ዩ ስትገዙ ጌምፓዱን አስቀድማችሁ መርምሩ

ኔንቴንዶ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጨዋታ ማጫወቻ ዊ ዩ ያለ ጌምፓዱ (ስክሪን ያለው የእጅ መቆጣጠሪያው) ግማሽ አካል ነው፤ ብዙ ቅንብሮች የሚከፈቱት በእሱ ብቻ ነው። ስለዚህ 6.2 ኢንች ስክሪኑን ቀለም በሌለው የንክኪ ብዕሩ ከጥግ እስከ ጥግ አስምሩበት፤ በግፊት ስለሚሠራ ከጣት ይልቅ ለብዕር ይታዘዛል። ምትክ የምትፈልጉም ተጠንቀቁ፦ የጃፓን ጌምፓድ ከአሜሪካ ማጫወቻ ጋር አይጣመርም።

ባትሪው ደካማ ነው፤ አዲስ እያለም የሚቆየው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነበር። 2550 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዘውን ትልቁን ባትሪ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የጀርባውን ክዳን በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ ከፍቶ መቀየር ቀላል ነው።

ይህን ሁሉ የምታገሠው እናቴ ዜና ስትከታተል ቴሌቪዥኑን ሳልነካ ጨዋታዬን በእጄ ስለምቀጥል ነው። እንዴት ያለ ነፃነት ነው! ሁሉም ጨዋታዎች ግን ይህን አይፈቅዱም፤ ዲስኩን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። ወፍራም ግድግዳም ምስሉን ስለሚቆራርጠው ከማጫወቻው ብዙ አትራቁ።