አንዱ ተጠቃሚ ሰርቨሩን ብቻውን ሲይዘው፦ ችግርና መፍትሄ

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የምርምር ክፍል አሥራ አራት ሰዎች የሚጋሩትን ባለ 16 ኮር (የፕሮሰሰር ማስሊያ ክፍል) ሰርቨር የማስተዳድረው እኔ ነኝ። የተጫነበት ዴቢያን 11 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ከታች ያሉት ችግሮች ሁሉ በእጄ ያለፉ ናቸው፤ ሁለቱን እንዲያውም የፈጠርኳቸው ራሴ ነኝ። የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ አድርጌ ጽፌአቸዋለሁ።

ምልክት፦ ሰርቨሩ ለሁሉም ይንቀራፈፋል

ማንንም ከመውቀሳችሁ በፊት የሚሮጡትን ሥራዎች የሚያሳየውን «ቶፕ»ን ክፈቱ። «ሎድ አቨሬጅ»፣ ማለትም የሚሮጡና ተራ የሚጠብቁ ሥራዎች አማካይ ብዛት፣ 40 መድረሱ ብቻውን ጥፋተኛውን አይነግራችሁም፤ ሊኑክስ ዲስክ የሚጠብቁትን ሥራዎችም እዚያው ቁጥር ውስጥ ይደምራቸዋል። ዲስክ የመጠበቂያው መቶኛ ከፍ ብሎ የተጠቃሚዎቹ ዝቅ ካለ ፕሮሰሰር መገደብ አይጠቅማችሁም። የተጠቃሚዎቹ መቶኛ ጣሪያ ከነካ ግን ቀጥሉ።

ምልክት፦ ከባዱ ሥራ ናይስ 19 ሆኖም ሌሎቹ አልተነፈሱም

ሁለት ቀን የበላኝ ይህ ነው። የሐይቁን የሳተላይት ምስሎች የሚያቀናብረው ተማሪ «ጋሼ፣ ሁሉንም 19 አድርጌዋለሁ» አለኝ። አየሁት፤ እውነቱን ነው። ናይስ የሥራዎች የቅድሚያ ቁጥር ነው፤ 19 ማለት ከሁሉም ኋላ መሰለፍ ነው። ልጁ ግን ብዙ የተርሚናል መስኮት በሚከፍተው «ቲመክስ» ውስጥ ሃያ መስኮት ከፍቶ በእያንዳንዱ አንድ ሥራ ያስኬዳል።

ምክንያቱ «አውቶግሩፕ» ይባላል። በ2011 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 2.6.38 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። በአንድ የተርሚናል መስኮት ያሉትን ሥራዎች በአንድ ቡድን ይጠቀልልና ፕሮሰሰሩን በቡድኖቹ መካከል ያካፍላል። ናይስ የሚሠራው በዚያው ቡድን ውስጥ ብቻ ነው። በመስኮቱ ውስጥ ብቻውን ያለ ሥራ 19 ቢሆን ከማን ኋላ ይሰለፋል? መሶቡ ዙሪያ የሚቆጠረው እጅ እንጂ ሰው አልነበረም፤ ልጁ በሃያ እጅ ይጎርሳል፣ እኔ በአንድ።

መፍትሄው ቆጠራውን ከመስኮት ወደ ሰው ማዞር ነው። የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስነሳውና የሚቆጣጠረው ሲስተምዲ ለሚገባው ተጠቃሚ ሁሉ በመለያ ቁጥሩ የተሰየመ «ስላይስ»፣ ማለትም ድርሻ የሚሰጠው ቡድን፣ ይከፍትለታል፤ ሃያውም መስኮት የሚገባው በዚያ አንድ ስላይስ ሥር ነው። «ኢቲሲ» ውስጥ ካለው የሲስተምዲ «ሲስተም» ማህደር ገብታችሁ «ዩዘር-.ስላይስ.ዲ» የሚል ማህደር ፍጠሩ። ከነጥቡ በፊት ያለችውን ሰረዝ እንዳትረሷት፤ «ሁሉም ተጠቃሚ» የምትለው እሷ ናት። በውስጡ «.ኮንፍ» ብሎ የሚያልቅ ፋይል ክፈቱና «[ስላይስ]» ከሚለው ርዕስ ሥር «ሲፒዩዌይት=100» ብላችሁ ጻፉ። ሲስተምዲ ፋይሎቹን እንደገና እንዲያነብ እዘዙት፤ «ሲስተምዲ-ሲጂቶፕ»ን ስትከፍቱ እያንዳንዱ ሰው በአንድ መስመር ይታያችኋል።

ዌይት፣ ማለትም ክብደት፣ ከ1 እስከ 10000 ይሄዳል፤ የሚሠራውም ሽሚያ ሲኖር ብቻ ነው። ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ ልጁ 16ቱንም ኮር ይጠቀምባቸዋል፤ ማንም አይጎዳም። እኔ ከኮታ (ሽሚያ ባይኖርም ከማይታለፍ ጣሪያ) ይልቅ ክብደትን የምመርጠው ለዚህ ነው። ለራሴ ስላይስ 500 ሰጥቼዋለሁ፤ ሰርቨሩ ሲጨናነቅ ገብቶ የሚያስተካክል ሰው በሩ ላይ መሰለፍ የለበትም።

ምልክት፦ ሰርቨሩ ባዶ ነው፤ አንድ ሰው ግን «ይጎትታል» ይላል

ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ለአንድ ባልደረባዬ የማሽኑን ሩብ ልስጠው ብዬ «ሲፒዩኮታ=25%» ጻፍኩለት። ሲስተምዲ መቶኛውን የሚያሰላው ከአንድ ኮር ነው፤ እናም የሰጠሁት የአንዲት ኮር ሩብ ሆነ። አንድ ፊደል ተጭኖ ፊደሏ እስክትታይ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ አገኘሁት። የ16 ኮር ሩብ 400% ነው።

ካስተካከልኩለትም በኋላ ፕሮግራሙ ይቆራረጥ ነበር። ኮታ የሚታደሰው በየ100 ሚሊሰከንዱ ነው። 16 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ መስመር) የሚከፍት ፕሮግራም የአራት ኮር ድርሻውን በ25 ሚሊሰከንድ ጨርሶ የቀረውን 75 ቆሞ ያሳልፋል። በስላይሱ «ሲፒዩ.ስታት» ፋይል ውስጥ «ኤንአር_ትሮትልድ» የሚለው ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ችግሩ ይኸው ነው። ፕሮግራሙን ራሱን አራት ትሬድ ብቻ ክፈት በሉት።

ምልክት፦ ሥራው በ15 ደቂቃ ገደማ «ኪልድ» ብሎ ይሞታል

ይህም የእኔው ነው። የተጠቃሚዎች ገደብ በሚጻፍበት «ሊሚትስ.ኮንፍ» ፋይል ውስጥ «ሲፒዩ 60» ብዬ 60 በመቶ የገደብኩ መስሎኝ ነበር። እዚያ 60 ማለት 60 ደቂቃ የፕሮሰሰር ጊዜ ነው፤ ያም ሲያልቅ ከርነሉ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። አራት ትሬድ ያለው ፕሮግራም አንዷን ሰዓት በሩብ ሰዓት ይጨርሳታል። መስመሩን ሰርዙት።

ምልክት፦ ገደቡ ተቀምጧል፤ አንድ ሥራ ግን ያመልጣል

ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሳው በክሮን የተቀጠረ ሥራ እንደሆነ አጣሩ። ዴቢያን ላይ የክሮን ሥራ የሚሮጠው በባለቤቱ ስም ቢሆንም የሚገኘው በተጠቃሚው ስላይስ ሳይሆን በክሮን ሰርቪስ ሥር ነው። ለክሮን አነስተኛ ክብደት መስጠት ብልህነት መስሎኝ ሞክሬው ነበር፤ ከሌሎች የሲስተም አገልግሎቶች ጋር ብቻ ስለሚያወዳድረው ለተጠቃሚዎቹ የፈየደው ነገር የለም። እዚህ ላይ ኮታ ይሻላል፤ ለክሮን ሰርቪስ «ሲፒዩኮታ=400%» ሰጥቼው የሌሊቱ ሥራ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ቢዘልቅ እንኳ ማንም አያስተውለውም።