አንድን ኮርስ ለክፍልና ለኦንላይን እንዴት እናከፋፍል?

በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ሲዘጉ "ኦንላይን ይሻላል ወይስ ክፍል?" የሚለው ክርክር ጦፎ ነበር። ለመምህር የሚጠቅመው ጥያቄ ግን የትኛው ክፍለ ጊዜ የት ይሰጥ የሚለው ነው። የስታቲስቲክስ መግቢያን እንውሰድ።

ተማሪው ደጋግሞ የሚሰማው፣ ማለትም ትርጓሜ፣ ቀመርና የተሠራ ምሳሌ፣ ወደ ኦንላይን ይሂድ። እጁን እያየን የምናርመው ክፍል ውስጥ ይቅር። የ2፣ 4፣ 4፣ 6 እና 9 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየው መለኪያ) ይሰላ እንበል። አማካዩ 5 ነው። ተማሪው ከ5 ያላቸውን ልዩነት ያወጣና ስኩዌር ሳያደርግ ይደምረዋል፤ 0 ሲመጣበት ግራ ይገባዋል። ክፍል ውስጥ ቢሆን ወረቀቱን አየት አድርገው የሳተባትን መስመር ያሳዩታል፤ በኦንላይን የሚደርስዎ ያቺ 0 ብቻ ናት። "ገባችሁ?" ማለትማ የትም አይሠራም፦ ክፍል ውስጥ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ዙም ላይ ሁሉም ዝም ይላል። ይልቅ አንድ አጭር ጥያቄ ሰጥተው መልሱን ያጽፏቸው።

ቪዲዮ የግድ አይደለም። ስላይዱን በፒዲኤፍ፣ ማብራሪያውን በድምፅ ለየብቻ ይላኩ። 10 ደቂቃ ድምፅ በሞኖ (በአንድ የድምፅ ቻናል)፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ሲቀዳ 2.4 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ፓኬጅ ቆጥቦ የሚጠቀም ተማሪም ከቴሌግራም ያወርደዋል። ገጽ በለወጡ ቁጥር "ስላይድ 4" ብለው ይናገሩ፣ አለበለዚያ አድማጩ የት እንደደረሱ ይጠፋዋል። ነጻው ዙም በ40 ደቂቃ ስለሚቋረጥ ለጥያቄና መልስ እንጂ ለሌክቸር አያውሉት።

ጥያቄ በውስጥ መስመር መቀበል የመምህሩን ምሽት ይበላል። በግሩፑ ብቻ ይጠየቅ፤ ሦስት ሰው የጠየቀውን በአንድ የድምፅ መልእክት ይመልሱ።

ፋይናሉ በአካል ይሁን። ኩዊዝ ግን ሙድል (የኦንላይን መማሪያ ሥርዓት) ላይ ይበቃል፦ 40 ጥያቄ ያስገቡና ለእያንዳንዱ ተማሪ 10ሩ በዕጣ ይውጣለት። 20 ደቂቃ ይስጡ፣ መግቢያው ግን ለ24 ሰዓት ክፍት ይሁን። መብራት ሲጠፋ ሙድል እስከዚያ ያስቀመጠው መልስ አይጠፋም፤ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ስለዚህ ሁለት ሙከራ ፍቀዱና ከፍተኛው ውጤት ይያዝ፤ አለበለዚያ በማግስቱ ቢሮዎ በር ላይ ሰልፍ ይጠብቅዎታል።