የፐልሳር ሬዚድዋል ሲጎብጥ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ፐልሳር እየተሽከረከረ በየጊዜው የሬዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ ነው፤ ሬዚድዋል ደግሞ ምቱ በደረሰበትና ሞዴሉ በተነበየው ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት። የቴሌስኮፑን ሰዓት የሚያርመው የሰዓት ፋይል ታድሷል፣ የፕላኔቶች ሠንጠረዡ ዲኢ440 ተጭኗል፣ የምት ሰዓት ማስሊያ ፕሮግራሙ ቴምፖ2 ወይም ፒንት በደህና እየሠራ ነው እንበል።

ሬዚድዋሉ ጎድጓዳ ከሆነ የምቱ መቀዝቀዣ መጠን ተሳስቷል። በዓመት አንዴ ከተመላለሰ የተሳሳተው የኮከቡ የሰማይ አድራሻ ነው፤ የ1 ሚሊ አርክሰከንድ ስህተት እስከ 2.4 ማይክሮሰከንድ ያወዛውዛል። መልሶ ማስላት ብቻ ነው።

ድንገት ደረጃ ሠርቶ ከዘለለ የቴሌስኮፑ መቅጃ መሣሪያ ተቀይሯል፤ ጃምፕ፣ ማለትም በሁለቱ መቅጃዎች መካከል ያለው ቋሚ የሰዓት ልዩነት፣ ይጨመርበት። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ለወራት መሥራት ነበረባቸው። አሮጌው ከተነቀለ በኋላ ማስታወስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ጃምፑ እውነተኛውን ምልክትም ይውጣል።

ለወራትና ለዓመታት ቀስ ብሎ የሚዋዥቀው ግን ሰውን ሁሉ የሚያታልለው ነው። «የስበት ሞገድ አገኘን» ከማለት በፊት ዲኤም ይፈተሽ፤ ማለትም በኛና በኮከቡ መካከል ያለው የኤሌክትሮን ብዛት። ዲኤም በ0.0001 (ፓርሴክ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር) ብቻ ቢለወጥ ምቱ በ1.4 ጊጋኸርዝ 0.21፣ በ0.8 ጊጋኸርዝ 0.65 ማይክሮሰከንድ ይዘገያል። የስበት ሞገድ ግን ለሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ነው። ስለዚህ ሁለቱ የፍሪኩዌንሲ ባንዶች ለየብቻ ይሳሉ፤ ከተለያዩ ጥፋተኛው ዲኤም ነው። ባንዶቹ በጥቂት ቀናት ልዩነት ውስጥ ካልተለኩ ማነጻጸሩ ዋጋ የለውም። በአንድ ጠባብ ባንድ ብቻ ለዓመታት ለክቶ ሞገድ መፈለግ ደግሞ ድካም ነው። መፍትሄው ዲኤምን በየአጭር ጊዜው ለየብቻ ማስላት ነው። በየዓመቱ በዚያው ወር ሹል ጉብታ ከወጣ ከኮከቡ ወደኛ የሚመጣው መስመር ፀሐይ አጠገብ እያለፈ ነው፤ ለፀሐይ ነፋስ የራሱ ሞዴል ይሰጠው።

ዲኤም ግን የሁሉ መድኃኒት አይደለም። ጄ1713+0747 የተባለው ፐልሳር እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2016 ዲኤም በሚመስል መንገድ ዘለለ፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ግን የምቱ ቅርጽ ራሱ ተለወጠ። መዘግየቱ የዲኤምን ሕግ፣ ማለትም በፍሪኩዌንሲ ካሬ ልክ መቀነስን፣ አልተከተለም። እዚህ ላይ በዲኤም ማለስለስ ስህተቱን መደበቅ ነው፤ የምቱ ቅርጽ በዓይን ይታይ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለው መረጃ ይለያይ።

ተጠንቀቁ፦ ሬዚድዋሉ ጠፍጣፋ እስኪሆን ሁለተኛውን የፍሪኩዌንሲ ለውጥ (ኤፍ2) አትጨምሩ። የምትፈልጉትን ሞገድ ራሱን ነው የምታጠፉት።

ሁሉም ፐልሳሮች እኩል ከተንቀሳቀሱ የምድር ሰዓት ነው። በሰማይ ተቃራኒ ጎን ያሉት ተቃራኒ ከሄዱ የፕላኔቶች ሠንጠረዥ ነው፤ በፐልሳሮች የስበት ሞገድ በሚፈልገው በናኖግራቭ ቡድን የ11 ዓመት መረጃ ውጤቱ በተመረጠው ሠንጠረዥ ይለዋወጥ ነበር፣ ዋናው ጣጣም የጁፒተር ምህዋር ነበር። የስበት ሞገድ የሚባለው የፐልሳር ጥንዶች ሬዚድዋል ዝምድና፣ በሰማይ ላይ በመካከላቸው ባለው ማዕዘን ሲታይ፣ በ82 ዲግሪ አካባቢ እስከ ዝቅተኛው አሉታዊ ነጥብ ወርዶ በ180 ዲግሪ መልሶ ሲወጣ ነው።