ቦርሳው ማታ ይዘጋጅ

ደሴ ውስጥ ልጃችሁን ካቶሊክ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ላስገባችሁ፦ የልጁን ቦርሳ ማታ አዘጋጁ። በኅዳርና በታኅሣሥ የጦሳ ተራራ ብርድ እያንዘፈዘፈ ካልሲ ፍለጋ ከተጀመረ ሰልፉም ጸሎቱም ያልፋል፤ አርፍዶ የገባ ልጅ ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ፈዞ ነው የሚጨርሰው። ደብተር፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ ሹራቡ ከላይ። የመገናኛ ደብተሩን ሳታዩ እንዳትተኙ፤ የመምህሯ ማስታወሻ ያለው እዚያ ነው።

በሰኞ ገበያ ምክንያት ልጅ ማስቀረት ግን ይቅር፣ እባካችሁ! ፊደላችን 33 ረድፍ በ7 ዓምድ ነው፤ አንድ ቀን የቀረ ልጅ «ጠ»ን ከነዘሮቿ ሊያጣት ይችላል። ታሞ ከቀረ የጎረቤት ልጅ ደብተር በዚያው ማታ ተውሳችሁ አስገልብጡት። እስከ ቅዳሜ ካቆያችሁት ተከምሮ ያስለቅሰዋል።