ምድር ባቡር ይሠራ የነበረ ዘመድ ስትፈልጉ

ድሬዳዋ ባቡር ላይ ይሠራ የነበረ፣ ወሬው የጠፋ አያት ወይም አጎት አላችሁ? በድሮ ወረቀቶች ላይ ስሙን በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጉ። የኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ጸሐፊውም ስሙን የጻፈው በዚያው ልማድ ነው። "ሸ"ን በ"ሲ ኤች"፣ "ጀ"ን በ"ዲ ጄ"፣ "ኡ"ን በ"ኦ ዩ" አድርጋችሁ ሞክሩ። ጅቡቲ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አስታውሱ፣ ሁለቱ እዚያው አሉ። ሽፈራው "ኤስ" ሥር ጠፍቶ "ሲ" ሥር፣ ጀማልም "ዲ" ሥር ሊገኝ ይችላል። በፊደል ተራ የተቀመጠ ፋይል ሲሆን ልዩነቱ ትልቅ ነው! ዓመቱ የፈረንጅ ከሆነ 7 ወይም 8 ቀንሱ።

ለቤተ ክርስቲያን መዝገብ ግን ይህ አይሠራም። እዚያ ከመሄዳችሁ በፊት የክርስትና ስሙን ከአክስቶቻችሁ ጠይቁ።